«ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ» ላሉን ጸሐፊ ከጅማ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ የኮምፒውተር ተማሪዎችና ባለሙያዎች ዘንድ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ፍርዱ አጭር ነው፦ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ለጅማ ሰው የጊዜም የገንዘብም ኪሳራ ነው። ጸሐፊው አምስት ምክንያት ደርድረዋል። ንግግሩ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ በኢንተርኔት መሳተፍም ይበቃል። ጉባኤ የሚኬደው ለፎቶና ለቲሸርት ነው። ቴክኖሎጂ በእንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ማቅረብ ለይምሰል ነው። ጅማ ራሷ ታዘጋጅ እንዳይባል ደግሞ መብራቱና ኔትወርኩ አያስጠጋም።

ጽሑፉ ውስጥ እውነት አለ፤ አንዳንዱንም እያመንን እንሄዳለን። ጸሐፊው የተናደዱት ግን ሰዉ ጉባኤ ላይ በሚውልበት ሁኔታ ሆኖ ሳለ የፈረዱት በጉባኤው ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው።

«ንግግሩ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አለ»

አለ። ንግግር ለመስማት ብቻ የሚሄድ ሰው ከጅማ ባይነሳ ይሻለዋል። ግን ካሜራ የሚቀርጸው መድረኩን ነው። ተናጋሪው ወርዶ በሩ ጋ ሲደርስ አራት አምስት ሰው ይከበዋል፤ አንዱ «ያሳየኸው ነገር እኛ ጋ ሺህ ተጠቃሚ ሲደርስ ይቆማል» ይለዋል፤ ተናጋሪውም «እሱማ እኛም ጋ ቆሟል፣ ስላይዱ ላይ አላስገባሁትም እንጂ» ብሎ ይጀምራል። የጉባኤው ፍሬ ይቺ ወሬ ናት። ሰው የተሳካለትን በማይክ ይናገራል፤ የከሸፈበትን የሚያወራው ማይኩ ሲጠፋ ነው።

ከዓለም ትላልቅ የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ ሙያ) ጉባኤዎች አንዱ የሆነው አይሲኤልአር (ICLR) እ.ኤ.አ. በ2020 ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ ሊካሄድ ነበር። ከዚያ በፊት በ2018 ሞንትሪያል ላይ በተደረገው ኒውሪፕስ (NeurIPS) በተባለው ሌላ የሙያው ትልቅ ጉባኤ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀርተው ስለነበር ጉባኤን ወደ አፍሪካ የማምጣት ሐሳብ በሰፊው ይነሳ ነበር። ኮቪድ መጣና ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ዞረ። አዘጋጆቹ ያኔ ምን አደረጉ? ንግግሮቹን አስቀድመው አስቀረጹና የቀጥታውን ሰዓት ለጥያቄና መልስ ለቀቁት። ሁሉ ነገር ቪዲዮ በሆነበት ጊዜ እንኳ በቪዲዮ የማይተካውን ለይተው አወጡት ማለት ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው የጉባኤ ምትክ ያደረጉትን ዩቲዩብ እኛ የጉባኤ መሰናዶ እናደርገዋለን። ፕሮግራሙ ሲወጣ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ገደማ፣ ሦስት ንግግር ብቻ ይመረጣል። የተናጋሪዎቹ የዓምና ንግግር ካለ ቤት ተቀምጦ ይታያል፤ በ1.5 ፍጥነት የ40 ደቂቃው በ27 ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ይጻፋል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ከ20 ሰከንድ ካለፈ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ንግግር ሆኗልና ይቆረጣል። በየቀኑ ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ ሆን ተብሎ ለኮሪደር ይተዋል። ፕሮግራሙን ከጠዋት እስከ ማታ የሞላ ሰው ማታ ላይ የሚያስታውሰው የወንበሩን ድርቀት ነው።

ከሁሉ የሚበላሸው ግን ከጉባኤው በኋላ ያለው ነው፤ እዚህ ላይ የቴሌግራም ልማዳችን ይጎዳናል። ሰላምታ ሳይቀድም ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ስለሆነ «ሰላም» ይጻፍና መልስ ይጠበቃል። መልስ ሲመጣ «እንዴት ነዎት? ቤተሰብ ደህና?» ይከተላል። ቀጥሎ «ጉባኤው ላይ ተገናኝተን ነበር፣ ያስታውሱኛል?»። ጉዳዩ አራተኛው መልእክት ላይ እስኪደርስ ሰውየው የ«ሰላም» ክምር አስጨንቆት ስልኩን አስቀምጧል። ሰላምታው ይቅር አላልንም፤ ከጉዳዩ ጋር በአንድ መልእክት ይሂድ ነው። እንዲህ፦

«ሰላም ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ። ሐሙስ ከምሳ በፊት በሩ ጋ ስለ ቡና ቅጠል በሽታ ፎቶዎች የጠየቅኩዎት የጅማው ተማሪ ነኝ። ጥላ ሥር የተነሱት ሞዴሉን እንደሚያሳስቱ ነግረውኝ ነበር። 40 ፎቶ ለይቼ አያይዣለሁ፤ የትኞቹን ልጣል? መልሱ አንድ መስመር ቢሆንም ይበቃኛል።»

የተገናኙበትን ቀንና ቦታ፣ የተባለውን ነገር፣ አንድ ጥያቄ፣ የሚጠበቀውን የመልስ ርዝመት ይዟል። በሦስት ቀን ውስጥ ከተላከ ሰውየው ፊትዎን ሳይረሳ ይደርሰዋል። ሦስት ሳምንት ካለፈው ግን የጅማው ተማሪ የቱ እንደነበር ማሰብ ይጀምራል፤ እሱ ማሰብ ከጀመረ መልሱ ቀረ።

«ሩቅ ነው፣ በኢንተርኔት መሳተፍ ይበቃል»

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤን ተሻግሮ በወልቂጤና በወሊሶ በኩል በአውቶቡስ ሲሄዱ ቀኑ ያልቃል። ሐሙስ ጠዋት የሚጀመር የሁለት ቀን ጉባኤ ለአዲስ አበባ ሰው ሁለት ቀን ነው፤ ለጅማ ሰው ረቡዕን መሄጃ ቅዳሜን መመለሻ አድርጎ አራት ቀንና ሦስት አዳር ነው። ይህን ጸሐፊው በትክክል አስልተዋል። የኢንተርኔቱን ወገን ግን አላሰሉትም። በ480 ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል እንበል፤ ይህ በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። በቀን ስድስት ሰዓት፣ ለሁለት ቀን፦ 5.4 ጊጋባይት። ከአልጋ ኪራይ ይረክሳል፣ አዎ። ግን በዚህ መንገድ የገባ ሰው የሚያየው ያንኑ መድረክ ነው፤ ከዩቲዩቡ የሚለየው መቆራረጡ ነው።

ለርቀት ተሳታፊ ታስበው የሚዘጋጁ ጉባኤዎች አሉ፤ እነሱ ላይ የጸሐፊው ምክር ይሠራል። የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ፎረም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ 17ኛ ጉባኤውን ሲያደርግ በርቀት መናገርም ይቻል ነበር፤ ንግግሩም እየተጻፈ ይወጣል። እንዲህ ላለው ቪዲዮውን ዘግቶ ድምፅ ብቻ መክፈት ነው፤ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢሆን በሰዓት 29 ሜጋባይት አይሞላም።

በርቀት የሚሳተፍ ሰው በብዛት የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። ግብዣው «9:00» ሲል እኛ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ብለን እናነበዋለን፤ እነሱ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ማለታቸው ነው። በካሊፎርኒያ ሰዓት ጠዋት 10:00 የሚጀመር ዝግጅት በበጋቸው ለኛ ማታ 2 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ ማታ 3 ሰዓት ይሆናል። የጽሑፍ ማስገቢያ ቀን ላይ ደግሞ «ኤኦኢ» (AoE፣ Anywhere on Earth) የሚል ምልክት ካለ፣ በምድር ላይ ቀኑ ያላለቀበት ቦታ እስካለ ድረስ ይጠበቃል ማለት ነው፤ በኛ አቆጣጠር በማግስቱ ከቀኑ 8:59 ድረስ። ይህን የማያውቅ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ያልጨረሰውን ሥራ ልኮ ይተኛል፤ ወደ 15 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ እያለው።

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ከቪዛው ይጀምር። የሼንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር አይቀበሉም፤ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠይቃሉ። በዚያ ላይ ኤምባሲው አዲስ አበባ ስለሆነ የጅማ ሰው አንድ የአውቶቡስ ዙር ይጨምር። ሩዋንዳ ለአፍሪካውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ አይሲኤልአርም በ2023 የተካሄደው እዚያው ኪጋሊ ነው። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚገባው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት ሰዓት ሲሆን 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው 74 ነው፣ ያልፋል።

ጸሐፊው ከአምስቱ ምክንያት ሌላ ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ ስለሚጠሩ ሐሰተኛ ጉባኤዎች በመሃል ያነሱት ትክክል ነው፤ እንዲያውም አሳንሰውታል። ግብርናን፣ ናኖቴክኖሎጂን፣ የባንክ ሥራንና ሕክምናን በአንድ አዳራሽ «እናስተናግዳለን» የሚል፣ ጽሑፍ በተላከ በሁለት ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል፣ ክፍያ ሳይፈጸም የገምጋሚ አስተያየት የማያሳይ ከሆነ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ማለት ነው። ዓምና የቀረቡት ጽሑፎች የት እንደታተሙ ፈልጎ ማግኘት ካልተቻለ ገንዘብ አይከፈልም፤ አለቀ።

«ለፎቶና ለቲሸርት ነው»

ግማሹን እናምናለን። ቲሸርቱን ይልበሱት። ፎቶው ላይ ግን አንድ ነገር፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰው ፊት እንዲሁ የሚለቀቅ ነገር አይደለም። ብዙ ጉባኤዎች ፎቶ ለማይፈልግ ሰው የተለየ ቀለም ያለው የባጅ ማንጠልጠያ ይሰጣሉ፤ ያቺ ገመድ ከብዙ ማስታወቂያ ትሻላለች። ጅማ ላይ ብዙ ሴት ተሳታፊዎች ፎቷቸው እንዲወጣ እንደማይፈልጉ የሚናገሩት ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የጠየቃቸው ስለሌለ።

«በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ማቅረብ ለይምሰል ነው»

እዚህ ላይ ፈጽሞ አንስማማም። ለይምሰል የሚሆነው ይዘቱ ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ ሲመጣ ነው። በራሳችን ቋንቋ ካልተነሱ የትም መድረክ ላይ የማይነሱ የቴክኒክ ችግሮች አሉ።

አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። በጅማ ዙሪያ ላሉት የጎማና የሊሙ ወረዳ ገበሬዎች የቡና ዋጋ በኤስኤምኤስ የሚልክ አገልግሎት ይሠራል እንበል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል። የግዕዝ ፊደል ግን ከስልክ አውታሩ መሠረታዊ ባለ 7 ቢት ሠንጠረዥ ውስጥ ስለሌለ እያንዳንዱ ምልክት 16 ቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይከፈላል፤ ክፍሎቹን ለማያያዝ ቦታ ስለሚወሰድም የእያንዳንዱ አቅም ወደ 67 ይወርዳል። ባለ 100 ምልክት የአማርኛ መልእክት የሁለት ዋጋ ያስከፍላል። የአፋን ኦሮሞ ፊደል የሆነው ቁቤ ላቲን ስለሆነ ከዚህ ያመልጣል? ሁልጊዜ አያመልጥም። ሁዻ የሚባለው የቁቤ ምልክት ቀጥ ባለችው ጭረት (') ሲጻፍ ደህና ነው። የጽሑፍ ፕሮግራሙ በራሱ ፈቃድ ወደ ተጠማዘዘችው (’) ከቀየራት ግን ያቺ አንዲት ምልክት ከሠንጠረዡ ውጭ ስለሆነች መልእክቱን በሙሉ ወደ 70 ታወርደዋለች። 150 ምልክት ይዞ አንድ የነበረው መልእክት ሦስት ይሆናል። ባለቤቱም ወጪው ለምን ሦስት እጥፍ እንደሆነ ሲፈልግ ይከርማል። መፍትሔው ከመላኩ በፊት የተጠማዘዘችውን በቀጥታዋ የሚተካ አንድ መስመር ኮድ ነው። ይህን የሚነግርዎት ሰው ለንደን መድረክ ላይ አይገኝም፤ ሆሳዕና ወይም ነቀምቴ ተመሳሳይ ነገር የሠራ ልጅ ግን ያውቀዋል።

ፍለጋም እንዲሁ ነው። የጉባኤው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «ጉባኤ» ሌላው «ጉባዔ» ብሎ ይጽፋል፤ «ሰዓት»፣ «ሠዓት»፣ «ሰአት» ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለዓይናችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ቁጥሮች ናቸውና አንዱን የፈለገ ሌላውን አያገኝም። የራሱን ፍለጋ የሚሠራ ሰው ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ቅጂ ለፍለጋ ብቻ ያስቀምጥ፤ ዋናውን ጽሑፍ አይንካ። ሀና ሃ፣ አና ኣም አይረሱ።

በአማርኛ ስላይድ ይዞ ለሚመጣ ሰውም ሁለት ነገር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተሠሩ ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ቁጥር ላይ የሚያስቀምጡ ስለሆኑ አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ርዕሱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል፤ ተናጋሪውም የመጀመሪያ አምስት ደቂቃውን ይቅርታ በመጠየቅ ይጨርሳል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ ባለ የዩኒኮድ ፎንት ጽፎ ፎንቱ ውስጡ የገባ ፒዲኤፍም ይዞ መምጣት ነው። መጠኑ ከ28 አይነስ። ፕሮጀክተሩ ሲበራ መጨረሻው ረድፍ ሄዶ «ቀ»ን ከ«ቁ»፣ «ሐ»ን ከ«ሕ» መለየት ይቻል እንደሆነ ማየት ነው፤ ካልተለየ ከስላይዱ ላይ ጽሑፍ ይቀነሳል እንጂ መብራት አይጠፋም።

«ጅማ ማዘጋጀት አትችልም»

መብራቱ ይጠፋል፣ ኔትወርኩ ይደክማል። ሙግታችን ለ40 ሰው የሚሆን ስብሰባ ሁለቱን ችሎ ሊዘጋጅ ይችላል ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢም ይሁን በጅማው መርካቶ አካባቢ ባለ የሆቴል አዳራሽ፣ ሥራው አንድ ነው።

ከኔትወርኩ እንጀምር። ሰዉ «ዋይፋዩ ተያይዟል ግን አይሠራም» ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም። ተራ ራውተር (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) ለሚገናኙት መሣሪያዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ ቢበዛ 254 አድራሻ ያድላል፤ አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲመጣ 100 ብቻ ነው። አንዴ የሰጠውንም ለሰዓታት፣ አንዳንዱ ለ24 ሰዓት፣ ይይዘዋል። 150 ሰው ስልክና ላፕቶፕ ይዞ ከገባ 300 አድራሻ ያስፈልጋል፤ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ሰው ምንም አይደርሰውም። የአድራሻውን ብዛት የሚወስነውን የኔትወርክ ማስክ ወደ 255.255.252.0 መቀየር 1,022 አድራሻ ይሰጣል፤ የአድራሻ ማቆያውን ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ማውረድም ይረዳል። ለ40 ሰው 80 መሣሪያ ስለሚሆን ባለ 100ው ይበቃል፤ ግን በአንድ ራውተር ላይ መጫን ሳይሆን እንዳይረባበሹ ሁለት አድርጎ አንዱን ቻናል (የሬዲዮ መስመር) 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ ማድረግ ነው። ተሳታፊው የራሱን ሆትስፖት እንዲያጠፋም ይነገረው፤ አሥር ሆትስፖት የተከፈተበት አዳራሽ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚጮህበት ገበያ ነው።

ቀጥሎ ወርክሾፕ። አስተማሪው ሲጀምር «ይህን 500 ሜጋባይት አውርዱ» ካለ ስብሰባው እዚያው ሞተ። 40 ሰው ሲያወርደው 20 ጊጋባይት ነው፤ በ10 ሜጋቢት መስመር ሁሉ ነገር ተመችቶ አራት ሰዓት ተኩል ይጠጋል። አራት ፍላሽ ላይ ቀድቶ በየጠረጴዛው ማዞር ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

መብራት። ፕሮጀክተር 300 ዋት ገደማ ይበላል፣ ራውተር 12። ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ትንሽ ዩፒኤስ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ ከብክነቱ በኋላ ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ፕሮጀክተሩን ለጥቂት ደቂቃ፣ ራውተሩን ለሦስት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስለዚህ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ለብቻው አንድ ዩፒኤስ ይሰጠዋል፤ ዓላማው እንዲቀጥል ሳይሆን ማራገቢያው አምፖሉን አብርዶ በሥርዓት እንዲጠፋ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ሙቀቱ አምፖሉን ሊጎዳው ይችላል፤ ቶሎ ሲያበሩትም እንቢ ይላል። ቪጂኤ የሚባለው የድሮ መሰኪያ ብቻ ያለው አሮጌ ፕሮጀክተር አሁንም ብዙ ቦታ ስላለ ከአዲሱ መሰኪያ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አስማሚ ሁለት ይያዝ፤ አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋል።

የቀረው የጊዜው አከፋፈል ነው። አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን እ.ኤ.አ. በ1985 «ኦፕን ስፔስ» የሚባለውን የስብሰባ ዘዴ የጀመረው፣ ብዙ ደክሞ ባዘጋጀው ጉባኤ ሰዉ ከሁሉ የወደደው የቡና ዕረፍቱን መሆኑን ካየ በኋላ ነው። ጅማ ተወልዶ ቢሆን ይህን ለማወቅ ጉባኤ ማዘጋጀት ባላስፈለገው። ሦስቱን ዙር መጠቀም ነው። በአቦል አምስት አጭር ንግግር፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ከ3 ደቂቃ ጥያቄ ጋር፦ 40 ደቂቃ። በቶና ስምንት ስምንት ሰው ያለበት አምስት ክብ፣ ትልቅ ወረቀትና ማርከር፣ ለአንድ ሰዓት፤ የሰለቸው ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ ተነስቶ ወደ ሌላው ክብ ይሄዳል። በበረካ እያንዳንዱ ክብ ሦስት መስመር ያነባል፤ ወረቀቱ ፎቶ ተነስቶ ያን ማታ ይለጠፋል። ለ40 ሰው 120 ሲኒ ነው፤ አሥር ሲኒ በሚወጣው ጀበና በየዙሩ አራት ጀበና፣ ስለዚህ ሁለት ምድጃ። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ጭስ ይስባል።

ጸሐፊው «መብራት ቢጠፋስ?» ብለው ጠይቀዋል። ፕሮጀክተር የሚያስፈልገው ለአቦል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ቢጠፋ ማርከሩም ከሰሉም ይሠራል።